ካሜራው ያላየውን ኤዲተር አያመጣውም፦ ስለ ፍሬም ሬትና ስሎው ሞሽን

በደሴም ይሁን በኮምቦልቻ፣ በወልዲያም ይሁን በሐይቅ፣ ዛሬ የሰርግ ቪዲዮ ከአንድ ካሜራ አይወጣም። ዋናው ካሜራ አለ። ረዳቱ የያዘው ሁለተኛ ካሜራ አለ። ድሮን አለ። የሙሽራው ወንድም በስልኩ የቀረጸው አለ፤ ጓዳ ድረስ ስለሚገባ ብዙ ጊዜ ልብ የሚነካው ምስል የሚገኘው ከእሱ ነው። አጎት ከዋሽንግተን በቴሌግራም የላኩት የምርቃት መልእክትም አለ። ይህ ሁሉ ኤዲተሩ ኮምፒውተር ላይ ይራገፋል። ሙሽሪትም «ስሎው ሞሽኑን አብዙልኝ» ብላ አደራ ትላለች።

አደራውን መወጣት አልጋ በአልጋ አይደለም። ድሮኑ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲያሳይ ምስሉ ይደናቀፋል። የአጎት ከንፈርና ድምፅ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። እስክስታው ሲቀዘቅዝ የጣቶች ጠርዝ ይሟሟል። ብዙ ጊዜ «ኮምፒውተሩ ራም አንሶት ነው» ይባላል። ራም ቢጨመርም ለውጥ የለም። የነዚህ ሁሉ ምንጭ አንድ ነው፤ በአንድ ሰከንድ የተነሱት ምስሎች ቁጥር ከፋይል ፋይል ይለያያል። ይህን ቁጥር በቀረጻ ቀን አስቦ የወሰነ ሰው ኤዲቲንጉ ላይ ዕዳው ገብስ ነው። ያልወሰነ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል ያድራል።

ቁጥሮቹ ከየት መጡ?

ቪዲዮ ተከታትለው የሚሮጡ ፎቶዎች ናቸው። እያንዳንዱ ፎቶ ፍሬም ይባላል። በሰከንድ ስንት ፍሬም እንዳለ የሚነግረን ቁጥር ፍሬም ሬት ነው።

ሲኒማ 24 ይዟል፤ በፈረንጆቹ 1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ከፊልም ጋር ሲመጣ የጸና ልማድ ነው። ቴሌቪዥን ደግሞ የየአገሩን መብራት ተከተለ። አሜሪካ መብራቷ 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ዙር) ስለሆነ 30 ያዘች። አውሮፓ 50 ኸርዝ ስለሆነ 25 ያዘ። የኛም መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ስለዚህ የኛ ቤት ቁጥር 25 ነው። ካሜራ ውስጥ ፓል (የ50 ኸርዝ አገሮች የቴሌቪዥን ደንብ) የሚለውን ስትመርጡ 25፣ 50 እና 100 ይመጡላችኋል። ኤንቲኤስሲ (የአሜሪካው ደንብ) የሚለው ደግሞ 24፣ 30፣ 60 እና 120 ይሰጣል። ከአሜሪካ በሰው እጅ የመጣ ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ኤንቲኤስሲ ላይ ሆኖ ነው የሚደርሰን። ማንም ሳይነካው ዓመት ይሠራበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካኖቹ በ1953 የቀለም ቴሌቪዥን ሲጀምሩ 30ውን በጥቂቱ ቀንሰው 29.97 አደረጉት። ካሜራው ላይ 30 ተብሎ የተጻፈው ብዙ ጊዜ በእውነት 29.97 ነው። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን 29.97 የሆነውን ምስል ሶፍትዌሩ 30 ነው ብሎ ካጫወተው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ምስሉ ከድምፁ 3.6 ሰከንድ ይቀድማል። የሽማግሌ ምርቃት ላይ 3.6 ሰከንድ ማለት «አሜን» የሚለው ሕዝብ አፉን የሚከፍተው ምርቃቱ ገና ሳያልቅ ነው ማለት ነው።

30 ወደ 25 ሲገባ

ታይምላይን፣ ማለትም ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ውስጥ ክሊፖቹን የምንደረድርበት መስመር፣ የሚያውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። 25 ብላችሁ ከከፈታችሁት በውስጡ የሚገባው ሁሉ 25 ሆኖ ነው የሚታየው። 30 ሰው ይዞ የመጣን ቡድን 25 ወንበር ባለው ቅጥቅጥ ላይ ለማሳፈር ብትሞክሩ፣ ትርፍ ካልተፈቀደ 5 ሰው መውረድ አለበት። ሶፍትዌሩም እንዲሁ ያደርጋል። ከየ6ቱ ፍሬም አንዱን ይጥላል።

ቁጭ ብሎ የሚናገር ሰው ላይ የተጣለውን ፍሬም ማንም አያስተውለውም። ድሮን ላይ ግን ዓይን ያወጣል። ድሮኑ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ላይ ወደ ጎን በዝግታ ሲሄድ ዓይናችን የተራራውን ጠርዝ ይከተላል። ጠርዙ እኩል እኩል እየተራመደ ይሄድና ድንገት አንድ እርምጃ ይዘላል። ይህ በሰከንድ 5 ጊዜ ይደገማል። ተመልካቹ ምን እንደሆነ መናገር አይችልም፤ ዓይኑን እንደጎረበጠው ብቻ ያውቃል።

ለድሮን የሚሆን በጣም ቀላል መድኃኒት አለ። የድሮን ምስል ድምፅ የለውም፤ ቢኖረውም የሞተር ጩኸት ነው። ስለዚህ ማንንም አታውርዱ፤ ሁሉንም 30 ፍሬም አንድ በአንድ አጫውቱት። የኤዲቲንግ ሶፍትዌራችሁ ፕሪሚየር ከሆነ ክሊፑን በቀኝ ተጫኑና «ኢንተርፕሬት ፉቴጅ» ውስጥ ገብታችሁ 25 ነው በሉት። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ ደግሞ «ክሊፕ አትሪቢዩትስ» ውስጥ ነው ያለው። 10 ሰከንድ የነበረው 12 ሰከንድ ይሆናል። ድሮኑ በጥቂቱ ረጋ ብሎ ይበራል። የጣለው ፍሬም የለም፤ ያስገባው የውሸት ፍሬም የለም። እኔ በበኩሌ የሐረጎም ሆነ የጦሳ ምስል እንዲህ ሲረጋ ይበልጥ ያምረኛል።

ይህን ዘዴ ድምፅ የሚያስፈልገው ክሊፕ ላይ እንዳትሞክሩት። ድምፁም አብሮ ይጎተታል፣ ወይም ከምስሉ ይለያል። የአጎት መልእክት 30 ከሆነ እንዳለ 25ቱ ታይምላይን ላይ አስቀምጡት፤ 5ቱ ፍሬም ይውደቁ። አጎት ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነው የሚመርቁት። የሚንቀሳቀሰው ከንፈራቸውና አልፎ አልፎ እጃቸው ነው። ሶፍትዌሩ ፍሬም ፈጥሮ እንዲያለሰልሰው ብታዙት ግን ጣታቸው ፊታቸው አካባቢ ሲያልፍ ይበላሻል። ትንሹን ጉዳት ምረጡ።

«ሰው ሁሉ የሚያየው በስልክ ነው፤ ብዙው የስልክ ስክሪን ደግሞ ቢያንስ በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፤ 30 አይሻልም ወይ?» የሚል ሰው አለ። ሐሳቡ ውሃ ያነሳል። 60 ለ30 በእኩል ይካፈላል፤ ለ25 አይካፈልም። ያላችሁ ነገር ሁሉ በስልክና በድሮን በ30 የተቀረጸ ከሆነ ታይምላይኑን 30 አድርጉት፤ ምንም አትጨነቁ። ዋናዎቹ ካሜራዎች በእጃችሁ ከሆኑና ማታ በመብራት የምትቀርጹ ከሆነ ግን 25 ይሻላል። ምክንያቱን መብራት ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ። ዩቲዩብም 25ን እንዳለ ይቀበላል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሪዞልቭ ላይ ፋይል ካስገባችሁ በኋላ የፕሮጀክቱን ፍሬም ሬት መቀየር አትችሉም። የመጀመሪያው ክሊፕ ሲገባ የሚመጣውን ጥያቄ ሳታነቡ «እሺ» ብላችሁ አትለፉ። ያ ክሊፕ የስልክ ከሆነ ሰርጉን ሙሉ በስልኩ ቁጥር ልትሠሩት ነው።

ስሎው ሞሽን ከየት ይመጣል?

ስሎው ሞሽን የሚገኘው ትርፍ ፍሬም በማንሳት ነው። በሰከንድ 100 ፍሬም ቀርጻችሁ በሰከንድ 25 ስታጫውቱት አንዱ ሰከንድ 4 ሰከንድ ይሆናል። 50 ከቀረጻችሁ 2 ሰከንድ ይሆናል። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ የቀረጻችሁትን ለታይምላይኑ አካፍሉ። በ25 ብቻ የቀረጻችሁት ግን ለ25 ሲካፈል 1 ነው። ትርፍ የለውም። ዝግ ብሎ የሚጫወት ነገር አልተቀረጸም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ጋ ደረስን። በ120 የተቀረጸ ክሊፕ 25 ታይምላይን ላይ አለ እንበል። ኤዲተሩ የክሊፑን የፍጥነት ቅንብር ይከፍትና ክብ ቁጥር ይጽፋል፤ 25 በመቶ። 120 ወደ 25 በመቶው ሲወርድ 30 ይሆናል። ታይምላይኑ ደግሞ 25 ነው። ያው ከላይ ያየነው የድሮን ችግር ተመልሶ መጣ፤ በሰከንድ 5 ፍሬም ይወድቃል። 20 በመቶ ቢጽፍ ደግሞ 24 ይሆናል፤ በየሰከንዱ አንድ ፍሬም ይደገማል፤ ምስሉ በየሰከንዱ አንዴ ቆም ይላል። ትክክለኛው ቁጥር 20.83 ነው። በ60 ለተቀረጸ ደግሞ 41.67። እነዚህን ቁጥሮች ማስታወስ ካልፈለጋችሁ ቅድም ለድሮኑ ያደረግነውን አድርጉ፤ ክሊፑን 25 ነው በሉት። ሶፍትዌሩ ፍሬሞቹን አንድ በአንድ ይደረድራቸዋል። ከዚያ በፊት ግን ክሊፑን ኮፒ አድርጉት። አንዱ በመደበኛ ፍጥነቱ፣ አንዱ ዘግይቶ በእጃችሁ ይኑር።

ፓል ላይ ለሚቀርጽ ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። 50 ለ25 ግማሽ ነው። 100 ለ25 ሩብ ነው። 50 በመቶ ወይም 25 በመቶ ብሎ ጽፎ መሄድ ነው።

መጀመሪያ በፍጥነት ሄዶ ድንገት የሚቀዘቅዝ ክሊፕም ሰው ይወዳል። በ100 የተቀረጸውን መጀመሪያ በመደበኛ ፍጥነት ታጫውቱታላችሁ፤ ሶፍትዌሩ ከየ4ቱ ፍሬም አንዱን ይወስዳል። ያምራል፤ አንድ ጉድለት ግን አለው። በ100 ስትቀርጹ እያንዳንዱ ፍሬም የሚነሳው በጣም ባጭር ጊዜ ነው። የሚሮጥ ነገር በመደበኛ ቪዲዮ ላይ ያለው ለስላሳ ብዥታ አይኖረውም። ስለዚህ ፈጣኑ ክፍል ደረቅና የተቆራረጠ ይመስላል። መፍትሔው ፈጣኑን ክፍል አጭር ማድረግ ነው። ሙሽራው ከመኪና ሲወርድ ለአንድ ሰከንድ ያህል በፍጥነት፣ ከዚያ ወዲያው ቀዝቀዝ።

ያልተቀረጸ ፍሬም ሲፈጠር

ትርፍ ፍሬም ከሌለ ሶፍትዌሩ ሦስት ምርጫ ይሰጣችኋል። አንደኛው ያለውን ፍሬም መድገም ነው፤ ፕሪሚየር «ፍሬም ሳምፕሊንግ» ይለዋል፣ ሪዞልቭ ደግሞ «ኒረስት»። በ25 የተቀረጸው በግማሽ ሲዘገይ እያንዳንዱ ምስል ሁለት ጊዜ ይታያል። የሚቆራረጥ ይሆናል፤ ግን ምንም የውሸት ነገር የለበትም። ሁለተኛው «ፍሬም ብሌንዲንግ» ነው፤ ጎረቤት ፍሬሞችን አንዱን በሌላው ላይ ይደርባቸዋል። የሚንቀሳቀስ እጅ ሁለት ሆኖ ይታያል። ሦስተኛው «ኦፕቲካል ፍሎው» ይባላል። ካፕካት በሚባለው የኤዲቲንግ አፕ ላይም የዚሁ ዘመድ አለ። ሶፍትዌሩ በሁለት ፍሬሞች መካከል እያንዳንዱ ነጥብ ከየት ወዴት እንደሄደ ይገምትና መካከሉን ራሱ ይስለዋል።

ኦፕቲካል ፍሎው የሚሠራበት ቦታ ላይ ግሩም ነው። ሙሽሪት ከነጭ ግድግዳ ፊት ቆማ ፊቷን ወደ መስኮቱ ስታዞር ሞክሩት። ግድግዳው ጥርት ያለ ነው። እንቅስቃሴው አንድ ነው። ምንም ነገር በምንም ፊት አያልፍም። ግምቱ ልክ ይሆናል፤ ማንም አያውቅባችሁም።

አሁን ደግሞ የወሎን ጭፈራ ስጡት። ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ቆመዋል። አንገት ይሰበቃል። ሹሩባው ፊት ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል። የአንገቱ ጌጥ ደረት ላይ ይዘላል። ከኋላ አጨብጫቢው በሙሉ እጁን እያነሳ ነው። የቀሚሱ ጥለት ደግሞ ተመሳሳይ መስመር የሚደጋገምበት ነው፤ ሶፍትዌሩ አንዱን መስመር ከሌላው መለየት ያቅተዋል። የሹሩባው ጫፍ ጉንጯን ሲያቋርጥ በዚህኛው ፍሬም የጉንጩ ግማሽ ተሸፍኗል፤ በሚቀጥለው ተገልጧል። ከስሩ ምን እንዳለ ካሜራው አላየም። ሶፍትዌሩም ከየት ያምጣው? ጉንጩን ከሹሩባው ጋር ይጎትተዋል። ለአፍታ ፊቷ ይጣመማል። ልጅቷ ያንን ፍሬም አቁማ ስታየው ምን እንደሚሰማት አስቡት።

ቁጥሩን እንየው። ትከሻ በሰከንድ 5 ጊዜ ወጣ ገባ ቢል፣ በ25 ቀረጻ ለአንዱ ምት የሚደርሰው 5 ፎቶ ነው። በ100 ቀረጻ 20 ፎቶ ይደርሰዋል። በ5 ፎቶ የተያዘን እስክስታ ማዘግየት አይቻልም፤ በ20ው ይቻላል። የዕጣን ጭስ፣ የሐይቅ ዳር ሞገድ፣ የነጠላ ዘርፍ፣ የተጨናነቀ ሕዝብም እንዲሁ ናቸው። እነዚህን ለማዘግየት ካሰባችሁ በ50 ወይም በ100 ቅረጹ። ካልቀረጻችሁ በመደበኛ ፍጥነታቸው ተዉአቸው።

ክሊፑ ሁለት ቦታ ተቆርጦ የተገጣጠመ ከሆነ ኦፕቲካል ፍሎው መገጣጠሚያው ላይ አንዱን ምስል ወደ ሌላው ያቀልጠዋል። እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ አዘግዩ። ፕሪሚየር ላይ ደግሞ መንቀጥቀጥ የሚያስተካክለው «ዋርፕ ስታቢላይዘር» እና የፍጥነት ለውጥ አንድ ክሊፕ ላይ አብረው አይሄዱም። መጀመሪያ አዘግዩት፣ ኔስት አድርጉት (እንደ አንድ ክሊፕ ጠቅልሉት)፣ ከዚያ አረጋጉት።

ጭፈራውን ማዘግየት አለብን ወይ?

ይህ የቴክኒክ ጥያቄ አይደለም፤ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የወሎ ጭፈራ ሕይወቱ ጭብጨባው ላይ ነው። ቅኝቱ አምባሰልም ይሁን ባቲ፣ አንገቱ የሚመታው ከከበሮው ጋር ነው። ምስሉን በ4 እጥፍ ስታዘገዩት አንገቱ ከምቱ ይለያል። ከስር የሚሰማው ዘፈን ይሮጣል፤ ከላይ የሚታየው ሰው ይንሳፈፋል። የሚያጨበጭብ እጅ በግልጽ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ከድምፁ ጋር ሲጣላ ወዲያው ያስታውቃል።

ስለዚህ አንዱ ካሜራ ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ በ25 ከነድምፁ ይቅረጽ። አይነካ፣ ቅንብሩ አይቀየር። ሁለተኛው ካሜራ በ100 ይዙር። ብዙ ካሜራዎች በስሎው ሞሽን መደባቸው ድምፅ ጭራሽ አይቀርጹም፤ ሁለቱም ካሜራ በዚህ መደብ ላይ ከሆነ ጭፈራው ያለ ድምፅ ቀረ ማለት ነው። በኤዲቲንግ ጊዜ ዋናው ይሩጥ። ዘፈኑ ሊለወጥ ሲል፣ ወይም ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ፣ ከሁለተኛው ካሜራ አንድ ዘግየት ያለ ምስል ጣል አድርጉ። የሚወዛወዝ ሹሩባ። በአየር ላይ ያለ ነጠላ። እናት ስትስቅ። እጅና ከበሮ የማይታይበት ቢሆን ይመረጣል። ለመንዙማም ይኸው ይሠራል፤ ድቤው በራሱ ፍጥነት ይመታ፣ የሚዘገየው የአድማጩ ፊት ይሁን።

ላሊበላ ላይ በገና ቀን ቤዛ ኩሉን የሚቀርጹ ልጆችም ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ። ካህናቱ ከላይ በዓለቱ ጠርዝ ላይ፣ ሌሎቹ ከታች በቤተ ማርያም ቅጽር ውስጥ ሆነው ሲዘምሩ፣ ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ዝማሜው ራሱ የረጋ ነው። ጎንበስ ብለው ቀና የሚሉት በዝግታ ነው። በ4 እጥፍ ቢዘገይ የቆሙ ይመስላሉ። እዚያ ፈጣን የሆነው ነገር ጸናጽሉ ነው። ብረቶቹ በዘንጉ ላይ ሲንሸራተቱ ተጠግታችሁ በ100 ወይም በ120 ብትይዙት ዓይን ያላየውን ታሳያላችሁ። ጠዋት በፀሐይ ስለሆነ ብርሃንም አይቸግርም።

መብራቱ ለምን ይርገበገባል?

ከሁሉም በላይ ትኩረት ተነፍጎታል የምለው ይህ ጉዳይ ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው ብለናል። በእያንዳንዱ ዙር ኃይሉ ሁለት ጊዜ ጣሪያ ስለሚነካ፣ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ዓይናችን አይለየውም። ካሜራው ግን ይለየዋል።

ሹተሩ፣ ማለትም ካሜራው ለአንድ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ከሆነ እያንዳንዱ ፍሬም በትክክል ሁለት ድምቀት ይሰበስባል። 1/100 ከሆነ አንድ። በሁለቱም ሁሉም ፍሬም እኩል ብርሃን ያገኛል። 1/60 ላይ ግን አንድ ሙሉ ድምቀትና የሌላው ቁራጭ ይገባል። አንዱ ፍሬም ደመቅ፣ አንዱ ጠቆር ይላል። ግድግዳው ላይ የሚወርዱ ጥቋቁር መስመሮች የሚመጡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ 120 ፍሬም ስትቀርጹ አንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ ቢበዛ 1/120 ሰከንድ ነው። አንዱ ድምቀት ደግሞ 1/100 ይፈልጋል። አይገባም። የፈለጋችሁትን ሹተር ብትሞክሩ አይገባም። ማታ ድንኳን ውስጥ በ120 የተቀረጸ ምስል ሲዘገይ ነጩ ድንኳን በሙሉ ይርገበገባል። ይህን የሚያለዝብ ሶፍትዌር አለ፤ ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። በ100 ፍሬምና በ1/100 ሹተር ብትቀርጹ ግን እያንዳንዱ ፍሬም አንድ ሙሉ ድምቀት ይይዛል፤ ርግብግቡ የለም። ቅድም 25 ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው። ፓል ላይ ያለ ካሜራ 100 አለው፤ 100 ደግሞ ከመብራታችን ጋር ይስማማል፤ ለ25ም በእኩል ይካፈላል።

ሹተር ሁልጊዜ የፍሬሙ እጥፍ ይሁን የሚል ትምህርት ታውቁ ይሆናል፤ ለ25 1/50፣ ለ100 1/200። ፀሐይ ላይ ጥሩ ነው። ማታ ግን 1/200 የሚያስገባው ብርሃን ከ1/50 ሩቡን ብቻ ነው። አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 800 የነበረው 3200 ሊሆን ነው፤ ምስሉ ይጨማለቃል። 1/100 ብታደርጉት ግማሹን ብርሃን ብቻ ነው የምታጡት። ብዥታው ትንሽ ይጨምራል። ሲዘገይ ግን ለስላሳ ይመስላል እንጂ አያስጠላም።

ሁለት ነገር ግን ይህን ሒሳብ ያፈርሰዋል። አንደኛው ጄኔሬተር ነው። ትንሽ ጄኔሬተር ጭነት ሲበዛበት ድግግሞሹ ከ50 ይወርዳል። ሁለተኛው ቀለም የሚቀያይረው የጌጥ ኤልኢዲ ነው፤ ብዙዎቹ የሚርገበገቡት በራሳቸው ፍጥነት ነው። ሰዎቹ ሳይመጡ ድንኳኑ ውስጥ ግቡ። መብራቱን አብሩት። በ100 ለጥቂት ሰከንድ ቅረጹና እዚያው አዘግይታችሁ እዩት። ከተርገበገበ ለስሎው ሞሽኑ የራሳችሁን መብራት ተጠቀሙ፣ ወይም ያንን ምስል ቀን ላይ ያዙት። ከኤንቲኤስሲ ወደ ፓል መቀየርም አንዳንድ ካሜራ ላይ ካርዱን ፎርማት አድርጉ ይላል። ይህን በሰርጉ ጠዋት ማድረግ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ነው።

የስልኩ ነገር

ስልክ አንድ ቋሚ ቁጥር የለውም። 30 ይላል እንጂ ብርሃን ሲያንስ ወይም ሲሞቅ አንዳንዱን ሰከንድ 27፣ አንዳንዱን 30 አድርጎ ይቀርጻል። በስልኩ ሲታይ ችግር የለውም። ኤዲቲንግ ላይ ግን ሶፍትዌሩ አንድ ቁጥር ስለሚፈልግ ድምፅና ምስል ይለያያሉ። መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ ወደ መጨረሻው እየባሰ የሚሄድ ከሆነ ምክንያቱ ይህ መሆኑን ጠርጥሩ። ሚዲያኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፋይሉ ቋሚ ይሁን ተለዋዋጭ ይነግራችኋል። ተለዋዋጭ ከሆነ ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ከፍታችሁ «ኮንስታንት ፍሬም ሬት» ምረጡና ቀይሩት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ታይምላይን የሚገባው። የአጎት መልእክትም መጀመሪያ በዚህ ይለፍ።

አይፎን ላይ ሴቲንግስ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ሪከርድ ቪዲዮ ብትሉ «ሾው ፓል ፎርማትስ» የሚል ማብሪያ አለ። ስታበሩት 25 ይመጣል። ወንድምየው ከሰርጉ በፊት ይህን ያብራ። በስልክ ስሎው ሞሽን የቀረጸውን ደግሞ በቴሌግራም አይላክላችሁ፤ ኦሪጅናሉን በኬብል ውሰዱ። ሲላክ መዘግየቱ ፋይሉ ላይ ታትሞ ትርፍ ፍሬሞቹ ሊጠፉ ይችላሉ።

የድሮ ካሴት

አንዳንድ ቤተሰብ የወላጆችን ሰርግ ከቪኤችኤስ ወይም ከሚኒ ዲቪ አስገልብጦ ያመጣል። ከአዲሱ ሰርግ ጋር አብሮ ሲታይ አንጀት ይበላል። ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ላይ የተጋደሙ ቀጫጭን መስመሮች ካያችሁ አትደንግጡ። የድሮው ፓል ቪዲዮ በሰከንድ 25 ሙሉ ፍሬም የሚያሳየው 50 ግማሽ ምስሎችን እያፈራረቀ ነበር። ብዙ ሰው መስመሮቹን ለማጥፋት ግማሹን ይጥለዋል። ከመጣል ይልቅ ሃንድብሬክ ላይ እነዚህን መስመሮች የሚያጠፋው «ዲኢንተርሌስ» ውስጥ «ቦብ» የሚለውን ምረጡ። 50ውም ምስል ለየራሱ ፍሬም ይሆናል። ጥራቱ በጥቂቱ ይቀንሳል። ነገር ግን እውነተኛ 50 ፍሬም አገኛችሁ ማለት ነው፤ በ25 ታይምላይን ላይ በግማሽ ፍጥነት ያለምንም የውሸት ፍሬም ይዘገያል። ዛሬ በሕይወት የሌሉ አያት ዞር ብለው ካሜራውን ያዩባት ቅጽበት እጥፍ ትረዝማለች። ከዚህ ሁሉ ሥራ በጣም የምወደው ይህን ነው።

ሲወጣ

ኤክስፖርት ስታደርጉ ፍሬም ሬቱ 25 መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ። አንዳንድ ዝግጁ ቅንብር በራሱ 30 ያደርገዋል፤ ካፕካትም ኤክስፖርት ላይ ለብቻው ይጠይቃል። እዚያ 30 ካለፈ እስካሁን የሠራችሁት ሁሉ በየሰከንዱ 5 ተደጋጋሚ ፍሬም ተጨምሮበት ይወጣል። የወጣውን ፋይል የድሮኑ ምስል ያለበት ቦታ ላይ አንዴ ተመልከቱት፤ ችግር ካለ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ለቤተሰቡ በቴሌግራም ስትልኩ በቪዲዮ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩት፤ በቪዲዮ መልክ ከሄደ ጨምቆ ጥራቱን ያወርደዋል።